ዓመታት የቆመ መኪና ሲነሳ ጭሱ ዋጋውን ይናገራል

በቡና አገር መኪና የሚገዛውም የሚሸጠውም በወቅት ነው። ለቀማው ሲጀመር ነጋዴው ያለውን ብር ቡናው ላይ ያውላል። ለቀማው አብቅቶ ቡናው ሲሸጥ ደግሞ እጁ የገባውን ገንዘብ የት እንደሚያሳርፈው ያስባል። ከጅማ በስተምዕራብ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው አጋሮና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች እንዲህ ያለውን ገንዘብ ከሚስቡት ነገሮች አንዱ በመጋዘን ጥግ ወይም በግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ ዓመታት የቆመ አሮጌ መኪና ነው። ላንድሮቨር ሊሆን ይችላል፤ አጭሩ ላንድክሩዘር፣ ፔጆ 404 ወይም ቮልስም ሊሆን ይችላል። ባለቤቱ አርፎ ለወራሾች የተላለፈ፣ መለዋወጫ ጠፍቶለት የተተወ ወይም አዲስ መኪና ሲገዛ የተረሳ ይሆናል።

እንዲህ ያለው መኪና ባትሪ ተገጥሞለት ሲነሳ በማርሚታው የሚወጣው ጭስ ግቢውን ይሞላል። ሻጩ «ቆሞ ስለከረመ ነው፣ ይጠራል» ይላል። ገዢው «ሞተሩ አልቋል» ብሎ ዋጋውን በግማሽ ይቆርጣል። ደላላው በመሀል ገብቶ ሁለቱንም ያስማማል። ሦስቱም የተናገሩት እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሦስቱም ሊሳሳቱም ይችላሉ። ለረዥም ጊዜ የቆመ ሞተር መጀመሪያ ላይ የሚያወጣው ጭስ ስለ ሞተሩ ጤንነት የሚናገረው ጥቂት ነው። የሚናገረው ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የሚቀረው ጭስ፣ የሚወጣበት ሰዓትና ሽታው ነው። ይህን ለይቶ የማያውቅ ገዢ የካርቡራቶር እጥበት ብቻ የሚያስፈልገውን መኪና ትቶ ይሄዳል፤ ወይም ሬቲፊካ የሚፈልገውን በጥሩ ሞተር ዋጋ ይገዛል።

ስህተቱ ለምን ተወደደ

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖችን፣ በተለይም ዕድሜያቸው የገፋውን፣ ከውጭ ማስገባትን እጅግ ውድ አድርጎታል። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከኤሌክትሪክ መኪኖች በቀር በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ተሰቀለ።

እነዚህ ሦስት እርምጃዎች አገር ውስጥ ላለው አሮጌ መኪና ሁለት ትርጉም አላቸው። አንደኛው፣ ሊብሬው የተሟላና ታርጋ ያለው መኪና ዱሮ ያልነበረው ተፈላጊነት አግኝቷል። ሁለተኛው፣ ፋሻውም፣ ፒስቶኑም፣ ጋስኬቱም የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ በመሆኑ የሞተር ጥገና ወጪም አብሮ አድጓል። ስለዚህ ጭስን አንብቦ የመረዳት ጥቅም ከቀድሞው ይበልጣል።

ቁልፉ ከመዞሩ በፊት

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ዓመታት የቆመን ሞተር ባትሪ አምጥቶ ወዲያው ማስነሳት ጤነኛውን ሞተር ሊያበላሽ ይችላል። ጅማና አካባቢዋ ዝናብ የሚበዛባቸው ናቸው፤ እርጥበቱ ሸራም ቆርቆሮም አይመልሰውም። በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ የነበረው ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፣ ግድግዳው ዝገት ያበቅላል፣ ፋሻው ከፒስቶኑ ጋር ይጣበቃል። በዚህ ሁኔታ ሞተሪኖው በኃይል ቢያዞረው ፋሻው ሊሰበር፣ ካሚቻው ሊጫር ይችላል።

ስለዚህ ካንዴላዎቹ ይፈታሉ። በየቀዳዳው ጥቂት ቀጭን ዘይት ይገባና ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይቆያል። ከዚያ ሞተሩ በእጅ በቀስታ ይዞራል። በነፃነት ከዞረ አሮጌው ዘይት ተቀድቶ አዲስ ይገባል፤ በነዳጅ መያዣው የከረመው ቤንዚንም ሙሉ በሙሉ ይወጣል። ቤንዚን በወራት ጊዜ ቀላል ክፍሉ ተኖ የሚያጣብቅ ዝቃጭ የሚተው ነገር በመሆኑ ለዓመታት የቆየው ለማስነሻ አይውልም። የአየር ፊልትሮውና የማርሚታው ጫፍም ይታያሉ፤ በመጋዘን የቆመ መኪና ውስጥ አይጥ ጎጆ ሠርታ መገኘቷ የተለመደ ነው።

የሚወጣው አሮጌ ዘይት ራሱ ብዙ ይናገራል። ዘይቱ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተና መጠኑ ከመለኪያው በላይ ከሆነ የቤንዚን ፖምፓው ሽፋን ተቀዶ ነዳጁን ወደ ሞተሩ ውስጥ አፍስሷል ማለት ነው። በሞተሩ ጎን የሚታሰር መካኒካል ፖምፓ ባላቸው አሮጌ መኪኖች ይህ የሚያጋጥም ብልሽት ነው። እንዲህ የቀጠነ ዘይት ያለው ሞተር ቢነሳ ጭሱ ከባድ ይሆናል፤ ጥፋቱ ግን የአንድ ፖምፓ ነው። ዘይቱ የማኪያቶ መልክ ካለው ውኃ ገብቶበታል። ያ መልክ በዘይት መሙያው ክዳን ሥር ብቻ ከታየ የመጋዘኑ እርጥበት ሊሆን ይችላል፤ በዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ከታየ ግን ጉዳዩ ወደ ጋስኬት ያመራል።

ገዢ ሊያረጋግጠው የሚገባ ሌላም ነገር አለ። ሞተሩ ሲነሳ ቀዝቃዛ መሆን አለበት። ከመምጣቱ በፊት የተነሳና የሞቀ ሞተር የጠዋቱን ጭስ ደብቆ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ኮፈኑ ይከፈትና ሞተሩና ራዲያተሩ በእጅ ይዳሰሳሉ። ዘይቱ ከሚገባው በላይ ወፍራም ሆኖ ከተገኘም ጭስ ለመሸፈን የተደረገ ሊሆን ስለሚችል ሻጩ ሊጠየቅ ይገባል።

ነጭ ጭስ፦ የሚጠፋና የማይጠፋ

አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውኃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ማርሚታው ቀዝቃዛ ሲሆን ይህ እንፋሎት ነጭ ሆኖ ይታያል። ለዓመታት በቆመ መኪና ማርሚታ ውስጥ ደግሞ የተጠራቀመ እርጥበት ስላለ ጭሱ ይበዛል፤ ውኃም ሊንጠባጠብ ይችላል። ሽታ የሌለውና ከጫፉ ትንሽ ርቆ የሚበተን ከሆነ፣ ሞተሩም ሲሞቅ በ10 ወይም በ15 ደቂቃ ውስጥ ከጠፋ ከዋጋው ላይ አንድ ብር የሚያስቀንስ አይደለም።

ሞተሩ ሞቆም የማይጠፋ፣ ወፍራምና በአየር ላይ የሚንሳፈፍ ነጭ ጭስ ግን ሌላ ነው። የራዲያተሩ ውኃ በተቃጠለው ጋስኬት ወይም በተሰነጠቀው ቴስታታ በኩል ወደ ሲሊንደሩ እየገባ ነው ማለት ነው። ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ያለበት ከሆነ ጣፋጭ ሽታ አለው። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ እያለ የራዲያተሩ ክዳን ተከፍቶ ሞተሩ ይነሳል፤ ውኃው ውስጥ አረፋ ያለማቋረጥ ከፈላ የተቃጠለው ጋዝ ወደ ውኃው እየገባ ነው። ክዳኑን በሞቀ ሞተር ላይ መክፈት ፊትን ያቃጥላል።

ሁለት ነገሮች ገዢን ያሳስቱታል። የመጀመሪያው ቮልስ ነው። ሞተሩ በአየር የሚቀዘቅዝ ስለሆነ ራዲያተርም ውኃም የለውም። «ጋስኬቱ ውኃ እያስገባ ነው» ብሎ የቮልስን ዋጋ የሚቀንስ ገዢ ወይም የሚያስፈራራ ደላላ መኪናውን አያውቀውም። ሁለተኛው የፍሬን ሰርቮ ያላቸው መኪኖች ናቸው። የፍሬኑ ዋና ፖምፓ ሲያፈስ ሞተሩ በሰርቮው በኩል የፍሬን ዘይት እየሳበ ያቃጥለዋል፤ ጭሱም ወፍራም ነጭ ይሆናል። የራዲያተሩ ውኃ ሳይጎድል የፍሬን ዘይቱ ከጎደለ ቴስታታ ማውረድ አያስፈልግም። እንዲህ ያለው መኪና ፍሬኑ ሳይጠገን ወደ መንገድ መውጣት ግን የለበትም።

ሰማያዊ ጭስ፦ ሰዓቱ ይታይ

ሰማያዊ ጭስ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ነው። በካንዴላ ቀዳዳ ዘይት የተጨመረበት ሞተር ሲነሳ ለጥቂት ደቂቃዎች ግቢውን ሰማያዊ ያደርጋል፤ ያ የተጨመረው ዘይት ሲቃጠል ነው። ፍርድ የሚሰጠው እሱ ካለቀ በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚታየው የጭሱ ብዛት ብቻ ሳይሆን የሚወጣበት ሰዓት ነው። ሞተሩ ሲነሳ አንድ ጊዜ ቦለል ብሎ የሚጠፋ ሰማያዊ ጭስ ሌሊቱን በቫልቮቹ በኩል የወረደ ዘይት ነው። የቫልቭ ሲሎቹ በቆመበት ዘመን ደርቀዋል ማለት ነው፤ ዋጋቸው ከሞተሩ አንጻር ትንሽ ነው። በቮልስ ሞተር ደግሞ ሲሊንደሮቹ የተጋደሙ በመሆናቸው ዘይት በፋሻው በኩል ቀስ እያለ ስለሚያልፍ ቆሞ ሲነሳ ትንሽ ሰማያዊ ጭስ ማውጣቱ ጤነኛውም ላይ የሚታይ ነው።

ነዳጅ ሲረገጥና ሞተሩ ሸክም ሲይዝ የሚበዛ፣ ሞተሩ ሲሞቅም የማይቀንስ ሰማያዊ ጭስ ግን የፋሻና የካሚቻ ጉዳይ ነው። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት በኃይል ትፍ ትፍ የሚል ጋዝ ከወጣ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ያም ሆኖ በቆመ መኪና ላይ አንድ ዕድል ይቀራል። ፋሻው ያላለቀና የተጣበቀ ብቻ ከሆነ ሞተሩ በአግባቡ ሞቆ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ሲሄድ ሊላቀቅና ጭሱ ሊቀንስ ይችላል። ይህ ዕድል የሚሸጥ ነገር አይደለም። ሻጩ «ይላቀቃል» ካለ ጥቂት ቀን ነድቶ አላቅቆ ያሳይ።

ክርክሩን የሚቆርጠው የኮምፕሬሽን መለኪያ ነው። እያንዳንዱ ሲሊንደር ይለካል። አጋሮ ከባሕር ጠለል 1,600 ሜትር ያህል ከፍ የምትል በመሆኗ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በ17 በመቶ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ ንባቡ በመኪናው መጽሐፍ ላይ ከተጻፈው ቢያንስ ያ ብቻውን ብልሽት አይደለም። ዋናው የሲሊንደሮቹ መቀራረብ ነው፤ አንዱ ከሌሎቹ ከ10 እስከ 15 በመቶ በላይ ካነሰ ችግር አለ። ባነሰው ሲሊንደር ውስጥ አንድ ማንኪያ ዘይት ተጨምሮ እንደገና ሲለካ ንባቡ ከጨመረ ጥፋቱ የፋሻ ነው። ካልጨመረ የቫልቭ ወይም የጋስኬት ነው።

ጥቁር ጭስ፦ አስፈሪው ግን ርካሹ

ጥቁር ጭስ ከአየሩ በላይ ነዳጅ ሲበዛ ይወጣል። ዓይን ላይ ከሁሉም የከፋ ይመስላል፤ በኪስ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ከሁሉም ይቀላል። የከረመው ቤንዚን ዝቃጭ የካርቡራቶሩን ተንሳፋፊና መርፌ ያጣብቃል፣ ቾኩ ተዘግቶ ይቀራል፣ የአየር ፊልትሮው በአቧራና በቡና ገለፈት ይደፈናል። ካርቡራቶር ማጠብ፣ ፊልትሮ መለወጥ፣ ካንዴላና ፑንቲና ማደስ ጭሱን ሊያጠፋው ይችላል። ቤንዚን የሚበላና ካንዴላው ጥላሸት የለበሰ መኪና በዚህ ደረጃ ሲገኝ ለሚያውቅ ገዢ መልካም አጋጣሚ ነው።

ወደ አዲስ አበባ ወስዶ ሊሸጥ ያሰበ ነጋዴ አንድ ነገር ያስብ። አዲስ አበባ ከአጋሮ በ800 ሜትር ያህል ትበልጣለች፤ አየሩም ይሳሳል። በአጋሮ በትክክል የተስተካከለ ካርቡራቶር አዲስ አበባ ሲደርስ ነዳጅ ያበዛና ጥቁር ጭስ ያሳያል። መኪናውን ለገዢ ከማቅረብ በፊት እዚያው ማስተካከል የብሩን ክርክር ይቀንሳል።

ናፍታ የሚጠቀሙት እንደ ኤንትሬ ያሉ የጭነት መኪኖች ግን በዚህ ሚዛን አይለኩም። በጠዋት ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ናፍታ ሊሆን ይችላል፤ ሲሞቅ ከጠፋ አያሰጋም። ሸክም ላይ ትንሽ ጥቁር ጭስም በአሮጌ ናፍታ ሞተር የተለመደ ነው። የበዛው ጥቁር ጭስ የአየር ፊልትሮን፣ ኖዝልንና ፖምፓን ያስጠረጥራል። የናፍታ ፖምፓ ማስተካከል ደግሞ ከካርቡራቶር እጥበት እጅግ የሚወደድ ሥራ ነው።

ግቤ የሚሰጠው ፍርድ

በግቢ ውስጥ ቆሞ የሚጮህ ሞተር ግማሹን ብቻ ይናገራል። የቀረውን መንገዱ ያወጣዋል። ከአጋሮ እስከ ጅማ ያለው ዳገትና ቁልቁለት ለመጀመሪያው ፈተና ይበቃል። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና ደግሞ ከግቤ ሸለቆ የተሻለ መርማሪ አያገኝም።

ወደ ግቤ ወንዝ ሲወረድ ሾፌሩ እግሩን ከነዳጅ ላይ አንስቶ በማርሽ ይይዛል። በዚህ ጊዜ በሞተሩ ውስጥ የሚፈጠረው ስበት ዘይትን በቫልቮቹ ዙሪያ ወደ ውስጥ ይጠባል። ድልድዩ ላይ ደርሶ ነዳጅ ሲረግጥ ከኋላ ሰማያዊ ደመና ከወጣና ቶሎ ከጠፋ ችግሩ የቫልቭ ሲልና የቫልቭ መምሪያ ነው። ከዚያ ወደ ወልቂጤ በሚያስወጣው ረዥም ዳገት ላይ ሰማያዊው ጭስ ሳያቋርጥ ከተከተለ ፋሻው አልቋል። ጭሱ ነጭ ሆኖ የሙቀት መለኪያው ከወጣ ጋስኬቱን መጠርጠር ይገባል፤ መኪናውም መቆም አለበት። ጥቁር ከሆነና ሞተሩ ጉልበት ካጣ ወደ ፊልትሮና ወደ ካርቡራቶር ይታይ። ከኋላ በሌላ መኪና የሚከተል ሰው ይህን ከሾፌሩ በተሻለ ያያል።

ከጭስ ወደ ዋጋ

ለድርድር እንዲመች የጥገናው ወጪ በሦስት ደረጃ ሊታይ ይችላል። የመጀመሪያው ሞተሩ ሳይከፈት የሚሠራ ነው፤ ካርቡራቶር፣ ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ የቤንዚን ፖምፓ፣ የነዳጅ መያዣ እጥበትና ዘይት። ጥቁር ጭስና የሚጠፋ ነጭ ጭስ በአብዛኛው እዚህ ይወድቃሉ። ሁለተኛው ቴስታታ የሚያስከፍት ነው፤ ጋስኬት፣ የቫልቭ ሲል፣ ቫልቭ ማስቀመጥ። የማይጠፋ ነጭ ጭስና ከቁልቁለት በኋላ የሚታይ ሰማያዊ ጭስ እዚህ ናቸው። ሦስተኛው ሞተር የሚያስወርድ ነው፤ ፋሻ፣ ፒስቶን፣ ብሮንዚና፣ ሬቲፊካ። ዳገት ላይ የማይለቅ ሰማያዊ ጭስ ወደዚህ ያደርሳል።

በሦስተኛው ደረጃም የመኪናው ዓይነት ለውጥ ያመጣል። በፔጆ 404 ሞተር ካሚቻው ወጥቶ የሚለወጥ በመሆኑ ካሚቻና ፒስቶን አብሮ የሚሸጠውን ያገኘ ሰው ሬቲፊካ ላያስፈልገው ይችላል። የዚያው ሞተር ካሚቻዎች ግን በውኃ የተከበቡ ናቸው፤ በግርጌያቸው ያለው ማሸጊያ በቆመበት ዘመን ደርቆ ከሆነ ውኃ ወደ ዘይቱ ያወርዳል። ሲሊንደራቸው ከሞተሩ አካል ጋር አንድ በሆኑት ላንድሮቨርና ላንድክሩዘር ደግሞ ግድግዳው ከተጫረ ወይም ከዛገ መፍትሔው ሬቲፊካ ነው። ለእነሱ ከመጠን ያለፈ ፒስቶን መገኘት አለመገኘቱ ዋጋ ከመቆረጡ በፊት ይጣራ።

ሞተር መለወጥ ይሻላል የሚል ገዢም ቢሆን የሞተሩ ቁጥር ሊብሬው ላይ የሰፈረ መሆኑን አይርሳ። የተለወጠው ሞተር ካልተመዘገበ ቦሎ ሲያድስና ሲሸጥ ያስቸግረዋል። መኪናው የውርስ ከሆነ ደግሞ ወራሾቹ በሙሉ ሳይስማሙ የሚከፈል ቀብድ ከጭሱ የባሰ ራስ ምታት ያመጣል።

ስለዚህ ለሻጭም ለገዢም የሚበጀው ስምምነት ዋጋውን ከፈተናው በኋላ ማድረግ ነው። ሻጩ ሞተሩን በአግባቡ አዘጋጅቶ በቀዝቃዛው ያስነሳ። በተዘጋ መጋዘን ውስጥ ግን አይሁን፤ የጭሱ ጋዝ ሽታ ሳይኖረው ይገድላል። ገዢው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይታገስ፣ ዳገት ያውጣው፣ ኮምፕሬሽን ያስለካ፣ በማግስቱ ጠዋት ደግሞ እንደገና ሲነሳ ይይ። ቀብድ ቢከፍልም የጥገናው ደረጃ ሲታወቅ ዋጋው እንደሚስተካከል በምስክር ፊት ይጻፍ። ደላላውም ቢሆን በአንድ ጠዋት ካስማማው ገዢ ይልቅ በሁለተኛው ቀን ጠዋት ደግሞ የተስማማው ተመልሶ እንደማይከሰው ያውቃል። በመጀመሪያው ደቂቃ የወጣውን ጭስ አይቶ የሸሸም የገዛም ነጋዴ የቡና ናሙና ሳይቀምስ ጆንያ እንደገዛ ይቆጠራል።